ሴንሰር ቧንቧ አልዘጋ ሲል፦ ሴንሰሩን ከመቀየራችሁ በፊት ሮቶውን እዩ

ኮሮና በገባበት በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሕንፃዎች የእጅ መታጠቢያቸውን እጅ ሲጠጋው በራሱ ወደሚከፈት ሴንሰር ቧንቧ ቀየሩ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ አሁንም ጥሩ ነው። ሳሙና የያዘ እጅ ምንም አይነካም፣ ውሃም በከንቱ አይፈስም። እኔም ከዚያ ወዲህ ዋና ሥራዬ እነዚህን ቧንቧዎች መጠገን ሆኗል። የግድግዳው ቫልቭ መከፈቱንና ሮቶው ውስጥ ውሃ መኖሩን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ጭራሽ አይሠራም፣ ጠቅ የሚል ድምፅም የለም

ባትሪ ነው። አብዛኞቹ 4 ትንንሽ ድንጋይ ይወስዳሉ፣ አንድ ላይ 6 ቮልት። አራቱንም በአንዴ ቀይሩ። ሁለት አዲስ ከሁለት አሮጌ ጋር አትቀላቅሉ። አልካላይን ግዙ፤ ርካሹ ቶሎ ያልቃል፣ ፈሳሹም ወጥቶ መገናኛውን ያዝገዋል። ደግሞ ድንጋዩ ቧንቧው ክፍት እያለ ከደከመ አንዳንዱ ቧንቧ እንደተከፈተ ይቀራል።

በመብራት ብቻ የሚሠራውን አትግዙ። መብራት በሄደ ቁጥር ሽንት ቤቱ ሁሉ ውሃ አልባ ይሆናል።

ጠቅ ይላል፣ ውሃው ግን የለም ወይም ቀጭን ነው

ጠቅ ካለ ሴንሰሩ ደህና ነው። ከታች መግቢያው ላይ ያለችውን ወንፊት አውጥታችሁ እጠቡ። ውሃ በፈረቃ ጠፍቶ ሲመለስ የመጀመሪያው ውሃ ዝገትና ደለል ይዞ ነው የሚመጣው። ወንፊት አስቸገረኝ ብሎ አውጥቶ የጣለ ሰው አጋጥሞኛል። ያ ደለል በቀጥታ ወደ ቫልቩ ገባ፣ ከዚያ የመጣው ችግር ቀጥሎ ያለው ነው።

እጅ ተወስዶም አይዘጋም

ከአስር ጥሪ ሰባት ስምንቱ ይህ ነው። ሁሉም የሚሉኝም አንድ ነው፦ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል፣ ቀይርልን።» አልተበላሸም።

ሶሌኖይድ ቫልቩ (ሴንሰሩ በኤሌክትሪክ የሚያዘው የውሃ በር) ውስጥ ስስ ጎማ አለች። ጎማዋ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አለች። ውሃው በዚያች ቀዳዳ ወደ ጎማዋ ጀርባ ያልፍና በራሱ ግፊት ተጭኖ ይዘጋታል። ሴንሰሩ የሚያዘው አንዲት ትንሽ የውሃ ማምለጫ ብቻ ነው። ዋናውን መንገድ የሚዘጋው ውሃው ራሱ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠርጥሩ፦ ቀዳዳዋ ተደፍናለች፣ ወይም ግፊት የለም።

ለመጀመሪያው፣ የግድግዳውን ቫልቭ ዝጉ። ኮይሉን (ማምለጫዋን የሚከፍተውን የሽቦ ጥቅል) በካቻቢቴ ፍቱ። ስፕሪንጓ ተፈናጥራ እንዳትጠፋ ከሥር ጨርቅ አንጥፉ። ጎማዋ በየት በኩል እንደነበረች ፎቶ አንሱ። በንጹህ ውሃ እጠቧት፣ ነጭ ቅርፊት ከያዘች ትንሽ ጊዜ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፏት። ቀዳዳዋን በመርፌ አትጎርጉሩ። ከሰፋች ቫልቩ ዳግም በትክክል አይሠራም። ከመግጠማችሁ በፊት ውሃውን እስኪጠራ ባልዲ ውስጥ ልቀቁ። ይህን ሳያደርግ የገጠመ ሰው ያው ደለል በማግስቱ ይመልሰዋል። የኮይሉን ሽቦዎችም አታገለባብጡ፤ በባትሪ የሚሠራው ከተገለበጠ መዝጋት ሲገባው ይከፍታል።

ሁለተኛውን ያስተማረኝ ቦሌ አካባቢ ያለ ሕንፃ ነው። የላይኛው ፎቅ ቧንቧዎች ያለማቋረጥ ያንጠባጥቡ ነበር። ከእኔ በፊት የመጡ ባለሙያዎች ሴንሰሩን አራት ጊዜ ቀይረዋል። ምድር ቤት ያሉት፣ ያው ዓይነት ቧንቧዎች፣ ምንም የላቸውም። የላይኛውን አውርጄ ታች ገጠምኩት፣ ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። የታችኛውን ላይ ገጠምኩት፣ ማንጠባጠብ ጀመረ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ለካሁ፦ ከሮቶው ውሃ እስከ ቧንቧው 2 ሜትር ተኩል። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ገደማ ነው (ባር የግፊት መለኪያ ነው)። ያ ቫልቭ ለመዝጋት ቢያንስ 0.5 ባር ይፈልጋል፣ እዚያ ያለው 0.25 ነው። ማንም ሴንሰር ይህን አያስተካክልም።

መፍትሄው ትንሽ የግፊት ፓምፕ ነው፣ ወይም ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ቫልቭ። ሮቶውን በብረት ማማ ማንሳት ብዙ አይረዳም፤ አንድ ሜትር የሚጨምረው 0.1 ባር ብቻ ነው። ፓምፕ መግዛት ካልተቻለ ለዚያ ፎቅ ተጭነው የሚለቁት፣ በራሱ የሚዘጋው ቧንቧ ይሻላል።

ነገ ይታያል ብላችሁ አትደሩ። በደቂቃ 3 ሊትር የምትፈስ ቧንቧ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ በ11 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ገደማ ትጨርሳለች። ቅዳሜ ማታ ተከፍቶ የቀረ ቧንቧ እሑድን ሙሉ ሲያፈስ ውሎ፣ ሰኞ ጠዋት ተማሪዎች ያለ ውሃ የዋሉበት ትምህርት ቤት አውቃለሁ። ቢያንስ የግድግዳውን ቫልቭ ዘግታችሁ ሂዱ።

ማንም ሳይኖር ይከፍታል

የሴንሰሩን ዓይን እዩ። የሳሙና ጠብታ፣ የሚያብለጨልጭ የብረት ሳህን ወይም በመስኮት የሚገባ ፀሐይ ያታልለዋል። ዓይኑ እጅን የሚያይበትን ርቀት ቀንሱ። ዓይኑ ተጭሮ ከሆነ ግን መቀየር ነው። የሚጭረው የብረት ሽቦ ነው፣ የሚያደበዝዘው በረኪና። ለጽዳት ሠራተኞች እርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ስጧቸው፣ ምክንያቱንም ንገሯቸው። እስካሁን የነገራቸው ስለሌለ ነው።

ውሃው ይሸታል

ቧንቧው ብዙ ቀን ሳይሠራ ከቆየ ጥቂት ደቂቃ አፍሱት፣ ጫፉ ላይ ያለችውንም ወንፊት እጠቡ። ቀላል ነገር አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይፋ ባደረገው ምርመራ ሌጂዮኔላ የተባለው፣ ከባድ የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ከሴንሰር ቧንቧዎች በተወሰዱ ናሙናዎች 50 በመቶው ላይ ተገኝቷል፣ ከተራዎቹ 15 በመቶው ላይ። የተጠረጠረውም ውስብስብ የሆነው የቫልቩ የውስጥ ክፍል ነው። በተለይ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠሩ ይህን አትርሱ።

አዲስ ስትገዙ ደግሞ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁ፦ የቫልቩ ጎማ ለብቻው ይሸጣል? አይሸጥም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።