ለሥራ የሚጫወት የቤዝ ጊታር ባለሙያ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳር የቤዝ ተጫዋች ሥራ ብዙ ነው። ሠርግ አለ፣ ምረቃ አለ፣ በጣና ዳር ባሉ ሆቴሎች የሳምንት መጨረሻ ምሽት አለ። አንድ ባለሙያ በአንድ ሌሊት የጎጃም እስክስታ፣ ጉራግኛ፣ ትግርኛ፣ ሬጌና የቆየ ትዝታ ሊጫወት ይችላል፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ልምምድ፣ ድምፃዊው ዘወር ብሎ "ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ" እያለው። እንዲህ ያለው ሥራ ጣትን ያፈጥናል እንጂ ጆሮን አይስልም። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች የጀማሪ አይደሉም፤ ለዓመታት እየተከፈላቸው በሚጫወቱ ሰዎች ላይ የሚታዩ ናቸው።

ድምፁ የት እንደሚያልቅ አለማሰብ

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ሁላችንም የምንለማመደው ድምፁን በጊዜው መጀመርን ነው፤ በጊዜው ማቆምን የሚለማመድ ግን ጥቂት ነው። በችክችካ ላይ ይህ ወዲያውኑ ይጋለጣል። ምቱ ስድስት ክፍል አለው፤ እስክስታ የሚወርደው ሰው ትከሻውን የሚጥለው በመካከል ባለው ባዶ ቦታ ተደግፎ ነው። ቤዙ ያንን ባዶ ቦታ በተንዛዛ ድምፅ ከሞላው፣ ከድራመሩ የእግር ከበሮ ጋር ተደርቦ ሁለቱም ይደፈርሳሉ። ተጨፋሪው ምን እንደጎደለው አያውቅም፤ ብቻ ወደ ወንበሩ ይመለሳል።

ድምፅን የሚያቆመው በዋናነት ግራ እጅ ነው። ጣትን ከክሩ ላይ ጨርሶ ማንሣት አያስፈልግም፤ ክሩን ሳይለቁ ግፊቱን ብቻ ማላላት ይበቃል። ጨርሰው ካነሡት ባዶው ክር ይጮኻል። በግራ እጅ ጣት ሳይያዝ የሚመታ ባዶ ክር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ የሚላላ ግፊት ስለሌለ በግራ እጅ ጣቶች ጠፍጣፋ ክፍል ወይም በቀኝ እጅ አውራ ጣት ካልተዳፈነ እስከሚቀጥለው ምት ድረስ ያገሣል። ብዙዎች "ሚ" የሚባለውን ወፍራሙን ክር የሚወዱት ለዚህ ግሣት ነው፤ የድምፅ ባለሙያው የሚጠላውም ለዚሁ ነው።

ልምምዱ አሰልቺ ነው፤ ይሠራል ግን። አንድ ድምፅ ብቻ ይዛችሁ የችክችካውን ምት ተጫወቱ። መጀመሪያ ድምፁን እስከ ቀጣዩ ምት አስረዝሙት፣ ቀጥሎ ግማሹን ቁረጡት፣ በመጨረሻ ነካ አድርጋችሁ ልቀቁት። ሦስቱንም ከድራመሩ ጋር ቅዱና በማግስቱ አድምጡ። የትኛው ትከሻ እንደሚያስነሣ ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ።

በአንቺ ሆዬ ውስጥ የሌለ ድምፅ መጫወት

ከውጭ ሙዚቃ የተማርነው ትልቁ ልማድ ከመነሻው ድምፅ ወደ አምስተኛው እየሄዱ መመለስ ነው፦ ዶ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሶል። በትዝታም ሆነ በአምባሰል አያስወቅስም፤ ሶል በሁለቱም ውስጥ አለ። አንቺ ሆዬ ግን ከዶ ሲጀመር ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላትና ላ ነው (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው)። ሙሉው ሶል የለም። ቤዙ በልማድ ሶልን ሲመታ ማሲንቆው ወይም ድምፃዊዋ ሶል ፍላት ላይ ናት፤ ሁለቱ በግማሽ ድምፅ ይጋጫሉ። አድማጩ "ባንዱ ዛሬ ልክ አይደለም" ይላል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚላከከው በኪቦርዱ ላይ ነው።

አምባሰል ሌላ ወጥመድ አለው። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ብለን ስንቆጥር ሚም ሚ ፍላትም የለበትም። ስለዚህ ከዶ ወደ ፋ ለመሻገር በሚ በኩል የምናልፍባት ያቺ የለመደች መሸጋገሪያ ቅኝቱን ታፈርሰዋለች። በሬ ፍላት በኩል እለፉ፤ ካልሆነም ዝለሉ። መዝለል ነውር አይደለም። በሜጀር ትዝታ ደግሞ ፋና ሲ የሉም፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ግን የፋን ኮርድ መያዝ ሊወድ ይችላል። ይህ በመድረክ ላይ በዓይን ጥቅሻ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም፤ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ በአንድ ክር ላይ ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች መጫወት ጥሩ ማስተካከያ ነው። ርቀቱ በዓይን ስለሚታይ ጆሮም ቶሎ ይይዘዋል።

ዜማን በፍሬት ቁጥር መያዝ

"ሦስተኛው፣ አምስተኛው፣ ባዶው" ብሎ በፍሬት፣ ማለትም በጊታሩ አንገት ላይ በብረት መስመሮች በተከፈሉት ቦታዎች፣ ቆጥሮ ዘፈን የያዘ ሰው ድምፃዊው መነሻውን ድምፅ ዝቅ ሲያስደርገው ባዶ ክሮቹን ያጣና ይደናበራል። ዘፈኑን ከመነሻው ድምፅ ባለው ርቀት ያዙት። እያንዳንዱን የሠርግ ዘፈን ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ቁልፎች (መነሻ ድምፆች)፣ ባዶ ክር ሳትነኩ ሞክሩት። ሌላ የምለው የለኝም።

የግራ እጅን ያለ ቦታው መዘርጋት

ከቀጭኑ ጊታር ወደ ቤዝ የመጣ ሰው አራት ጣቶቹን በአራት ፍሬቶች ላይ ይዘረጋል። የተለመደው ቤዝ የክር ርዝመቱ 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ የመጀመሪያው ፍሬት ብቻ 4.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ከ12ኛው ፍሬት በላይ ስፋቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ እዚያ አራት ጣት ያለችግር ይሠራል። ከታች ግን አምስት ሰዓት በሚፈጅ ሠርግ ላይ እንዲህ መዘርጋት የእጅ አንጓን ማሠቃየት ነው። የኮንትራባስ (ቆሞ የሚጫወቱት ትልቁ ቤዝ) ተጫዋቾች ፍራንዝ ሲማንድል በ19ኛው መቶ ዘመን ባስፋፋው ዘዴ የሦስት ፍሬት ያህል ቦታን በአመልካች፣ በመካከለኛና በትንሿ ጣት ይይዛሉ፤ የቀለበት ጣት ትንሿን ይደግፋል። እጅም ሳይዘረጋ ይንቀሳቀሳል። ከአምስተኛው ፍሬት በታች ይህን ተጠቀሙ። ማንጠልጠያውን እስከ ጉልበት ማውረድ ለፎቶግራፍ ያምራል፤ አንጓን ግን ያጥፋል።

ሐይቁ ዳር ላይ በጉልበት መምታት

አዳራሽ ውስጥ ግድግዳው ወፍራሙን ድምፅ ይመልሳል። በጣና ዳር ሜዳ ላይ ግድግዳ የለም፤ የቤዙ ድምፅ ወደ ውኃው ወጥቶ ይሄዳል። ተጫዋቹ "ጠፋሁ" ብሎ ክሩን ይደበድባል። በኃይል የተመታ ክር ከፍሬቱ ጋር ይጋጫል፣ ቅኝቱ ለአፍታ ከፍ ይላል፣ ጣት ቶሎ ይዝላል፤ የተገኘው ደግሞ ኳኳታ ነው። የአምፕሊፋየሩን ወፍራም ድምፅ ማብዛትም ኃይሉን ይጨርሰዋል እንጂ ብዙ አያሰማም። መካከለኛውን ድምፅ ከፍ አድርጉ፣ ጣታችሁን ክሮቹ በመሣሪያው አካል ላይ ወደሚያርፉበት ድልድይ ትንሽ አስጠጉ፣ ምታችሁን አለዝቡ። ሜዳ ላይ የሚሰማው ቤዝ መካከለኛ ድምፅ ያለው ነው።

ሜትሮኖምን እንደ መሪ መከተል

ሜትሮኖሙ፣ ያ ምት ቆጣሪ መሣሪያ፣ በየምቱ ቲክ ካለላችሁ ጊዜውን የሚይዘው መሣሪያው ነው፤ እናንተ ተከታይ ናችሁ። ለችክችካ በስድስቱ ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ቲክ እንዲል አድርጉት፤ ሲለመድ ለሁለት ዙር አንድ ጊዜ። መጀመሪያ ላይ ትጠፋላችሁ። ያ መጥፋት ነው ሠርግ ላይ ድራመሩን ቀስ በቀስ የሚያስሮጠው።

ጆሮን አለመጠበቅ

በአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም መለኪያ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት የሚመከር ወሰን ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ከሲምባሉ አጠገብ የሚቆም ቤዚስት ይህን አስቦ የጆሮ መድፈኛ ይያዝ። ጥጥ መወተፍ አይበቃም።

የእጅ አያያዝን በሠርግ ወቅት መለወጥ

ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ሠርግ ይደራል። በዚያ መካከል አዲስ የጣት አያያዝ የጀመረ ሰው በመድረክ ላይ ወደ አሮጌው ይመለሳል፤ ሁለቱም ሳይሆኑለት ይቀራሉ። የሁዳዴ 55 ቀን ለዚህ የተመቸ ነው፤ የሠርግ ጥሪ የለም፣ የሚያጣድፍ የለም። ያን ጊዜ መሣሪያውን ከቦርሳው ሳያወጣ ለፋሲካ ማግሥት ሠርግ የሚጠብቅ ግን ብዙ ነው።

ቤዝን በስልክ ድምፅ ማውጫ መማር

ባዶው የሚ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የስልክ ድምፅ ማውጫ ይህን አይወጣውም፤ የምትሰሙት ከዋናው ድምፅ በላይ አብረው የሚርገበገቡትን ቀጫጭን ድምፆች ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የቤዙን መስመር ከፍ ባለው ስምንተኛ (ኦክታቭ) ላይ የሚይዝ፣ አጫጭር ድምፆችን ጨርሶ የማይሰማ አለ። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ግዙ። ከዚያ የሮሃ ባንዱን ቤዚስት ጆቫኒ ሪኮን አድምጡ፦ ምን ያህል እንደሚጫወት ሳይሆን የት እንደሚተው ልብ በሉ። በአዝማሪ ቤት ደግሞ ማሲንቆው አጠገብ ተቀመጡና አዝማሪው ግጥም ሲፈጥር ከበሮ መቺው እንዴት እንደሚጠብቀው ተመልከቱ። ድምፃዊ ከመስመር ወጥቶ ሲያንጎራጉር ቤዙ ማድረግ ያለበት ያንኑ ነው፤ አንድ ድምፅ ይዞ መጠበቅ።