ስለ ከዋክብት ይዘት ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጥር ላይ፣ ማታ 3 እና 4 ሰዓት አካባቢ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቀና ያለ ሰው ቤቴልጁስን አናቱ ላይ ያገኘዋል። ቀላ ያለ፣ ደማቅ ኮከብ ነው። ሳቢያን ሰፈር ለተማሪዎች ሳሳያቸው "ብረት ስለበዛበት ነው አይደል የቀላው?" የሚል አይጠፋም። አይደለም። ቀለሙ የሚናገረው ስለ ሙቀቱ ነው። የቤቴልጁስ ገጽ ወደ 3,300 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ነጭ ሆኖ የሚታየው ሲሪየስ ግን ከ9,000 ያልፋል። ይዘቱን ማወቅ የፈለገ ብርሃኑን በየቀለሙ በትኖ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በመሃሉ የሚተዋቸውን ጥቁር መስመሮች ማንበብ አለበት።

ትልቁ ስህተት የሚሠራውም እዚያው ነው፦ መስመሩ ከጎላ ንጥረ ነገሩ በዝቷል ብሎ መደምደም። የፀሐይን ብርሃን ብታዩ የካልሲየም መስመሮች ከሃይድሮጅን ይጎላሉ። ነገር ግን ፀሐይ ላይ ለአንድ የካልሲየም አቶም ከ400 ሺህ በላይ የሃይድሮጅን አቶም አለ! ሃይድሮጅን በሚታየው ብርሃን ላይ መስመር የሚያሳርፈው ኤሌክትሮኑ አስቀድሞ ወደ ሁለተኛው የኃይል እርከን ሲወጣ ነው። በፀሐይ ገጽ ሙቀት እዚያ የሚደርሱት እጅግ ጥቂት ናቸው። ይህን በስሌት ያሳየችው የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ሴሲሊያ ፔይን ናት፣ በ1925 እ.ኤ.አ.። የዘመኑ ታላላቅ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት አልተቀበሏትም፤ እሷም ተጭነዋት ውጤቷን ራሷ እንድትጠራጠረው ሆነ። ከ4 ዓመት በኋላ ዋናው ተቃዋሚዋ ሄንሪ ራስል በሌላ መንገድ እዚያው ደረሰ። ለሴት ልጆቻችን ደጋግሜ የምነግረው ታሪክ ነው።

የኮከብ ብረት የሚገለጽበት ቁጥርም ያደናግራል። የብረት መጠን 0 ሲባል ብረት የለም ማለት አይደለም፤ ከፀሐይ እኩል ነው። −1 አንድ አስረኛ፣ −3 አንድ ሺህኛ ነው።

ብረት ያነሰው ኮከብ ሁሉ አሮጌ ነው የሚሉም አሉ፤ ይህም ስህተት ነው። የጋላክሲያችን መሃል ቶሎ ስለበለፀገ እዚያ አሮጌም፣ ብረት የጠገበም ኮከብ ሞልቷል። ትንሹ የማጀላን ደመና በሚባለው ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ ደግሞ ወጣቶቹ ከዋክብትም በብረት ድሃ ናቸው። ማግኒዚየምን ከብረት ጋር ማነጻጸር ይሻላል። ማግኒዚየም ቶሎ ከሚፈነዱት ግዙፍ ከዋክብት ይመጣል፤ አብዛኛው ብረት ግን ዘግይተው ከሚፈነዱ ነጭ ድንኮች (ነዳጃቸውን የጨረሱ ከዋክብት ቅሪቶች) ነው። ማግኒዚየሙ በልጦ ከተገኘ ኮከቡ የተወለደበት ጋዝ በፍጥነት በልጽጓል ማለት ነው።

በመጨረሻም፣ ከባድ ንጥረ ነገር ሁሉ ከሱፐርኖቫ (ከኮከብ ፍንዳታ) አይመጣም። በ2017 እ.ኤ.አ. ሁለት ኒውትሮን ከዋክብት (ከፈነዱ ግዙፍ ከዋክብት የተረፉ እጅግ ጥቅጥቅ ያሉ ቅሪቶች) ሲላተሙ የታየው ብርሃን እንደ ወርቅ ያሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች እዚያ እንደሚሠሩ አሳይቷል። ሐረር የሚታየው የወርቅ አምባር ውስጥም ከእንዲህ ዓይነት ግጭት የመጣ ሊኖር ይችላል። ባሪየም ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው ሳይፈነዱ ቀስ ብለው በሚያረጁ ከዋክብት ሆድ ውስጥ ነው።