የደህንነት ፊልሙን ከበሩ ፍሬም ጋር እንዴት እናያይዘው?

የመስታወት በር ላይ የደህንነት ፊልም (መስታወት ላይ የሚለጠፍ ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ) ለጥፎ “በቃ፣ ጨረስኩ” ማለት ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው። ፊልሙ መስታወቱ ሲሰበር ስብርባሪውን አንድ ላይ ይይዛል እንጂ ከፍሬሙ ጋር አያስረውም። ሌባው ደጋግሞ ከመታው መስታወቱ ከነፊልሙ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የፊልሙን ጠርዝ ከፍሬሙ ጋር በሲሊኮን፣ ማለትም ሲደርቅ እንደ ጎማ በሚሆን ማጣበቂያ፣ ማያያዝ ያስፈልጋል።

ፊልሙ የሚለጠፈው ከውስጥ በኩል ነው። 8 ሚል፣ ማለትም 200 ማይክሮን ገደማ ውፍረት ያለው ጥሩ ነው። መስታወቱን በሳሙና ውሃና በምላጭ ጥርት አድርጋችሁ አጽዱ፣ በተለይ ጥግ ጥጉን፤ ቆሻሻ የሚደበቀው እዚያ ነው። ከለጠፋችሁ በኋላ ውሃውን በጎማ መጥረጊያ ገፍታችሁ አውጡ። ከዚያ አትቸኩሉ፤ ጠርዙ እርጥብ ከሆነ ሲሊኮኑ አይይዝም።

ሲሊኮኑስ? የመታጠቢያ ቤቱን እርሱት። ስትራክቸራል የሚባለውን፣ የኮምጣጤ ሽታ የሌለውን ግዙ። የፍሬሙ ጎማ ወደ ውጭ ካበጠ በምላጭ ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ የፊልሙን ጠርዝና ፍሬሙን በአልኮል ጥረጉ፣ መስመሩ ቀጥ እንዲል በሁለቱም በኩል የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ ከዚያ ሲሊኮኑን አራቱንም ጎን ሳታቋርጡ ዙሩበት። ፊልሙንም ፍሬሙንም በየበኩሉ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል መያዝ አለበት፤ ቀጭን መስመር ለዓይን ያምራል እንጂ ዋጋ የለውም። በማለስለሻ አንዴ ሳብ አድርጉትና ፕላስተሩን ሳይደርቅ ላጡት።

እስኪጠነክር ቢያንስ ሳምንት ስጡት፣ በሩንም እያላተማችሁ አትዝጉ። ፊልሙ ውስጥ ትንሽ ጉም ካያችሁ አትደንግጡ፤ የቀረ ውሃ ነው፣ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይጠፋል።