ቁልፍ ስትነኩ ድምፅ የሚያወጣ ፕሮግራም ላይ የሚሰሩ ስህተቶች፣ አብዛኛውን እኔም ሰርቼዋለሁ

ከበሮ በኪቦርድ ልምታ ብዬ በፓይተን አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሰርቼ ነበር፣ ኤፍን ስነካ የከበሮው ሰፊው ፊት ዱም፣ ጄን ስነካ ጠባቡ ፊት ጣ፣ በቃ ይሄው ነው። ኮዷ 40 መስመር አትሞላም ግን ያሳየችኝን አሳር እኔ ነኝ የማውቀው፣ ጣቴ ቀድሞ ድምፁ ወደኋላ ይቀራል፣ አብሮ የሚያጨበጭብ ሰው ቢኖር ምቱ ይጠፋበታል። ላፕቶፔን ረገምኩት፣ ራም ልጨምርለት ሁሉ ብዬ ነበር። ላፕቶፑ ምንም አላጠፋም።

ትልቁ ጥፋቴ የድምፁን ፋይል ቁልፉ ሲነካ ሎድ ማድረጌ ነው። እንግዳ ከመጣ በኋላ ቡና መቁላት ወግ ነው፣ እዚህ ጋ ግን አይሰራም፣ ምክንያቱም በነካችሁ ቁጥር ፕሮግራሙ ዲስክ ላይ ሄዶ ፋይሉን ከፍቶ አንብቦ ከዛ ነው የሚያጫውተው። ፓይጌም (ለጌምና ለድምፅ የሚሆን የፓይተን ላይብረሪ) የምትጠቀሙ ከሆነ ድምፁን ሎድ የምታደርገውን ሚክሰር ሳውንድ የምትለዋን መስመር ከሉፑ (እየተደጋገመ ከሚሰራው ኮድ) በላይ አውጧት፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ ሁሉም ድምፆች አንዴ ሎድ ተደርገው ዲክሽነሪ ውስጥ ይቀመጡ፣ ቁልፍ ሲነካ የሚቀረው ፕሌይ ማለት ብቻ ይሁን። ሚክሰር ሚዩዚክ የሚባለውን ደግሞ ለዚህ እንዳትጠቀሙት፣ እሱ ለረጅም ዘፈን ነው፣ በአንዴ አንድ ብቻ ነው የሚያጫውተው።

ዊንዶውስ ላይ ከፓይተን ጋር የሚመጣ ዊንሳውንድ የሚባል ድምፅ ማጫወቻ አለ ብላችሁ በሱ የጀመራችሁ ካላችሁ፣ አሲንክ የሚለውን ፍላግ ካልጨመራችሁበት ድምፁ እስኪያልቅ ፕሮግራሙ ቆሞ ይጠብቃል፣ መስኮቱ ድርቅ ይላል። ብትጨምሩትም አዲሱ ድምፅ የበፊቱን ይቆርጠዋል እንጂ አይደርብም። ለማስጠንቀቂያ ድምፅ ይበቃል፣ ለከበሮ አይሆንም።

አሁን በፈር። በፈር ማለት ድምፁ ወደ ስፒከር ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምባት ቦታ ናት፣ ሂሳቡም ቀላል ነው፣ የበፈሩን ቁጥር ለ44100 (በአንድ ሰከንድ ውስጥ ላሉት የድምፅ ናሙናዎች) ማካፈል ነው። 4096 ካደረጋችሁት 93 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይመጣል፣ ይሄ ደግሞ ከበሮ ላይ በደንብ ይሰማል። 512 ከሆነ 12 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፣ ጆሮ ብዙም አይለየውም። እኔ 4096ን ከድሮ ኮድ ላይ ኮፒ አድርጌ ነው ያመጣሁት፣ ምን እንደሆነ እንኳ አላየሁም። ቁጥሩን የምትቀይሩት ፕሪ ኢኒት በሚባለው ትእዛዝ ነው፣ እሱም ከፓይጌም ኢኒት በፊት መጠራት አለበት፣ ከኋላ ከጻፋችሁት ዋጋ የለውም። ደስ ብሏችሁ 64 ካላችሁት ደግሞ ድምፁ መንጫጫት ሊጀምር ይችላል። ይሄን ሁሉ አስተካክዬ አሁንም ሲዘገይብኝ ግማሽ ቀን ኮድ ስቀያይር ውዬ፣ ለካ ጆሮዬ ላይ ያለው ብሉቱዝ ኖሯል! ብሉቱዝ ብቻውን ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሊያዘገይ ይችላል። ስትሞክሩ ባለ ገመድ አድርጉ።

ፋይሉን ራሱንም እዩት። የኔን ዱም ኦዳሲቲ በሚባል የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ከፍቼ ዙም ሳደርገው መጀመሪያው ላይ ቀጥ ያለ መስመር አለ፣ ስልኬ ላይ ሪከርድ የሚለውን ነክቼ ከበሮው ጋ እስክደርስ የነበረው ዝምታ ነው። ማዕበሉ ከሚነሳበት ቦታ ላይ ቁረጡት። ኤምፒስሪም ሲቀየር ራሱ መጀመሪያው ላይ ትንሽ ባዶ ይጨምራል፣ ስለዚህ ለአጫጭር ድምፅ ዌቭ ይሻላል።

ቶሎ ቶሎ ስትመቱ አንዳንዱ ምት ከጠፋ ቻነል አልቆባችሁ ነው፣ አንድ ቻነል በአንዴ አንድ ድምፅ ነው የሚያጫውተው። ፓይጌም ሲነሳ 8 ቻነል ብቻ ነው ያለው፣ ሁሉም ከተያዙ ዘጠነኛው ዝም ብሎ ይቀራል፣ ኤረር እንኳ አያወጣም። 32 አድርጉትና ተገላገሉ።

ቲኪንተር (የፓይተን መስኮት መስሪያ) ላይ ደግሞ ቁልፉን ይዛችሁ ከቆያችሁ ዱዱዱዱዱ ይላል፣ ኪቦርዱ ራሱን ስለሚደግም ነው። ፓይጌም ላይ ይሄ ካልበራ በስተቀር የለም። መፍትሄው የተነኩትን ቁልፎች ሴት (set) በሚባል የፓይተን ዝርዝር ውስጥ መያዝ ነው፣ ውስጡ ካለ አታጫውት፣ ሲለቀቅ አውጣው። ሊኑክስ ላይ ግን ቁልፉ ሳይለቀቅም ተለቋል የሚል መልእክት ስለሚመጣ ፕሮግራሙ ቁልፉን ከማውጣቱ በፊት ትንሽ መጠበቅ አለበት።

አንድ የኛ ብቻ የሆነች ደግሞ አለች። ኮዱ የተጻፈውን ፊደል የሚያይ ከሆነና አማርኛ ኪቦርድ በርቶ ከቀረ፣ ኤፍ ሲጠብቅ ፍ ይመጣበታል፣ ፕሮግራሙም ጭጭ። እኔ ከሰው ጋ እያወራሁ አማርኛ ስጽፍ ቆይቼ ስመለስ ነው የደረሰብኝ። ፊደሉን ትታችሁ የቁልፉን ቦታ የሚነግራችሁን ስካንኮድ ተጠቀሙ።

እናንተ ጋ ሰርቶ ጓደኛችሁ ጋ ፋይል የለም ካለ ችግሩ ፓዙ (የፋይሉ አድራሻ) ነው፣ ድምፁ ያለበትን ፎልደር ፕሮግራሙ ካለበት ቦታ ተነስታችሁ ጻፉት።

ሶስት ቁልፍ አንድ ላይ ነክታችሁ አንዱ ብቻ ካልተሰማ ግን ኮዱን ከመነካካታችሁ በፊት ኪቦርዱን ጠርጥሩ፣ ርካሽ ኪቦርድ አንዳንድ ቁልፎችን አንድ ላይ ማንበብ አይችልም፣ ሌሎች ፊደሎች መርጣችሁ ሞክሩ።