ያገገመ መሬት ላይ የዕፅዋት ልኬት ሲዛባ፦ ችግርና መፍትሄ ለጅማ ዙሪያ

በጊልገል ጊቤ ተፋሰስ ከንክኪ ነጻ የተደረጉት ተዳፋቶች ገበሬው ከብቱን ማሰማራት ትቶ የለቀቃቸው ናቸው። «ስንት አገገመ?» ሲለን የምንነግረው ቁጥር ትክክል ሊሆን ይገባል።

ችግር፦ ሁለት ሰው የአንድ ቦታ የዕፅዋት ሽፋን ለክቶ አንዱ 60፣ ሌላው 85 በመቶ ይላል።
መንስኤ፦ የዓይን ግምት ነው። ተዳፋትን ከጎን ሆነው ሲያዩት ሣሩ ራቁቱን መሬት ይሸፍነዋል።
መፍትሄ፦ 50 ሜትር ገመድ ዘርግታችሁ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ቀጭን ሽቦ ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱ። 100 ነጥብ ስለሚሆን ተክል የነካው ብዛት ራሱ መቶኛው ነው። ገመዱ ከላይ ወደ ታች ይውረድ። እርከኑን ተከትሎ ከተዘረጋ እርከን ላይ በሚተከል የደሾ ወይም የቬቲቨር ሣር መደዳ ላይ ያርፍና የሌለ ሽፋን ያሳያል።

ችግር፦ ሽፋኑ 90 በመቶ ተብሎ ተጽፏል፤ የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ ግን ጎርፉ እንደ ሸክላ ቀልቶ ይወርዳል።
መንስኤ፦ የተለካው ቅርንጫፍና ቅጠሉ ነው እንጂ አፈሩን የያዘው አይደለም። ባሕር ዛፍ ስር ይህ በብዛት ይታያል፤ ላዩ ጥቅጥቅ ብሎ ከስሩ ያለው መሬት ባዶ ይሆናል። ረጃጅም የዓመት አረምም እንዲሁ ነው።
መፍትሄ፦ በየነጥቡ ሁለት ነገር ጻፉ፤ ሽቦው ከላይ የነካውንና መሬት ላይ ያረፈበትን (የሣር ሥር፣ የረገፈ ቅጠል፣ ድንጋይ፣ ባዶ አፈር)። እኔ መጀመሪያ የማየው ሁለተኛውን ነው። መሬት ማገገሙን የሚናገረው እሱ ነው።

ችግር፦ የሣሩ ምርት በሄክታር ከሚታመን በላይ ሆነ።
መንስኤ፦ ወይ እርጥቡ ተመዝኗል፣ ወይ ስሌቱ ተሳስቷል። በክረምት ማለዳ የታጨደ ሣር ጤዛውንም ጭምር ይመዘናል።
መፍትሄ፦ ጤዛው ከረገፈ በኋላ እጨዱና እዚያው መዝኑ። ከዚያ 200 ግራም ናሙና በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ (በፌስታል ይሻግታል) በ65 ዲግሪ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም በኦቨን አድርቁ። 200ው 50 ግራም ከሆነ ደረቁ ሩብ ነው። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ፍሬም (መሬት ላይ ተቀምጦ ውስጡ ያለው ሣር የሚታጨድበት ማዕቀፍ) 208 ግራም እርጥብ ከታጨደ ደረቁ 52 ግራም ይሆናል፤ በ40 ሲባዛ በሄክታር 2,080 ኪሎ ግራም። ብዙዎች በ10 ያባዛሉ፤ እሱ ለ1 ሜትር በ1 ሜትር ፍሬም ነው።

ችግር፦ የተከለለው ቦታ ካልተከለለው ያነሰ ምርት አሳየ።
መንስኤ፦ ሣሩ ለከብት ታጭዶ ተወስዷል። ማጨዱ የነዋሪው መብት ነው፤ ጥፋቱ አለመጠየቃችን ነው።
መፍትሄ፦ የታጨደበትን ቀን ጠይቃችሁ መዝግቡ። ከዝናቡ በፊት ጥቂት ቦታዎችን በእሾህ አጥራችሁ ሣሩን አጭዳችሁ አስወግዱ፤ ከወራት በኋላ የበቀለውን መዝኑ። ምርታማነት በጊዜ ውስጥ ያደገው ነው፤ አንድ ቀን ቆሞ የተገኘው አይደለም።

ችግር፦ የሳተላይት ምስሉ ባዶውን ቦረቦር አረንጓዴ ያሳያል።
መንስኤ፦ የሴንቲኔል 2 ሳተላይት አንድ የምስል ነጥብ (ፒክሰል) 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ጎን ያለው ቡና ወይም ጫት እዚያው ነጥብ ውስጥ ይገባል።
መፍትሄ፦ ከዳር ያሉትን ነጥቦች አውጡ። የክረምቱን ደመና አሳልፋችሁ የጥቅምትን ምስል ካለፈው ዓመት ጥቅምት ጋር አስተያዩ። ከ20 ሜትር የጠበበ ቦረቦር ከሆነ ግን ምስሉን ተዉትና ወርዳችሁ በሽቦው ለኩ።