የፀጉር ቤት ሠራተኞችን በትክክል እንዴት እንቆጥራለን? ከባህር ዳር ሰፈሮች የተገኘ አሠራር

ባህር ዳር ውስጥ ስንት ፀጉር አስተካካይ አለ ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም መልስ አለው፤ መልሱ ግን ግምት ነው። ችግሩ በዚህ ግምት ላይ ብዙ ነገር መወሰኑ ነው፦ ማሠልጠኛው ስንት ልጅ ይቀበል፣ ብድር ለማን ይሰጥ፣ የምላጭና የቶንዶዝ ንጽህና ሥልጠና ለስንት ሰው ይዘጋጅ። ሥልጠና ጨርሰው፣ ሰርተፊኬት ይዘው ወንበር ያጡ ልጆች አውቃለሁ። የመዘገቧቸው ሰዎች ከተማው ውስጥ ስንት ክፍት ወንበር እንዳለ ማንንም አልጠየቁም ነበር።

ሌላ ቦታ ተቆጥሮ ይሆናል ብሎ መጠበቅም አያዋጣም። አገሪቱ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው የሠራተኛ ኃይል ጥናት ደግሞ በናሙና የተሠራ ስለሆነ የአንድ ከተማን የአንድ ሙያ ሰዎች ነጥሎ እንዲያሳይ አልታሰበም። በዓለም አቀፉ የሙያ ምደባም ወንድ ፀጉር ቆራጩና የሴቶች ፀጉር ሠሪዋ 5141 በሚባል አንድ ቁጥር ሥር ነው የሚገቡት። ስለዚህ የሙያው ማኅበርም ሆነ ጥቂት ባለፀጉር ቤቶች ተሰባስበው ራሳቸው መቁጠር ይችላሉ። ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል።

መጀመሪያ ሰፈር ምረጡ። ከተማውን በሙሉ በአንዴ አትንኩ፤ አባይ ማዶን ወይም የዩኒቨርሲቲውን የፔዳ ግቢ ዙሪያ ብቻ ያዙ። ዋናውን መንገድ ብቻ ሳይሆን ውስጥ ለውስጡንም በእግር ሂዱ። የንግድ ፈቃድ ዝርዝር ካገኛችሁ ለመነሻ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ፈቃድ የሚቆጥረው ቤቱን እንጂ እጁን አይደለም። አንድ ፈቃድ በተሰቀለበት ግድግዳ ሥር አምስት ሰው ሊሠራ ይችላል።

ቀን ስትመርጡ የዓመት በዓል ዋዜማን ተዉ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ፀጉር ቤቱ ሁሉ ተጨማሪ ልጅ ያስገባል፤ በማግስቱ የሉም። ሠርግ በሚበዛበት በጥር የሚገኘው ቁጥርና ሠርግ በማይኖርበት በሁዳዴ 55 ቀናት የሚገኘው ቁጥር አንድ አይሆንም። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው፣ አንዱን በጥር፣ አንዱን በሁዳዴ። የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ባሉበት ፔዳና ፖሊ አካባቢ ከሆነ ተማሪው ግቢ ውስጥ ባለበት ጊዜ ይሁን። ሰዓቱ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ቢሆን ይመረጣል። ማታ ደንበኛ ወረፋ ይዞ ማንም ሰው ቆሞ አያናግራችሁም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ። ቆጠራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሦስት ወንበር ያለው ቤት ትገባላችሁ። አንዱ ልጅ ቶንዶዝ ይዞ የደንበኛ ማጅራት ይጨርሳል፣ ሌላው ጢም ያስተካክላል፣ ትንሽየው የወደቀውን ፀጉር ይጠርጋል። ባለቤቱን «ስንት ሠራተኛ አለዎት?» ትሉታላችሁ። «ሠራተኛ የለኝም» ይላል። ቶንዶዝ የያዘውስ? «እሱ በፐርሰንት ነው፣ ከሠራው ድርሻውን ይወስዳል።» ጢም የሚሠራውስ? «ወንበር ተከራይቶኝ ነው።» የሚጠርገውስ? «ወንድሜ ነው፣ እየለመደ ነው።» ሰውየው አንድም አልዋሸም። ሠራተኛ ሲባል የወር ደመወዝ የሚከፈለውን ነው የሚያስበው፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ደግሞ እሱ ጋ የለም። እናንተ ግን ዜሮ ጽፋችሁ ትወጣላችሁ፣ ከባለቤቱ ጋር አራት ሰው በሚሠራበት ቤት።

ስለዚህ «ሠራተኛ» የሚለውን ጥያቄ እርሱት። መጀመሪያ ወንበሩን ቁጠሩ። ቀጥሎ በየወንበሩ እየሄዳችሁ «ባለፉት 7 ቀናት እዚህ ወንበር ላይ ማን ማን ሠራ?» በሉ። ከዚያ «ፀጉር የሚያጥብ፣ የሚጠርግ፣ የሚለማመድስ?» ብላችሁ ጨምሩ። ጠዋት አንዱ፣ ማታ ሌላው የሚጋሩት ወንበር በዚህ ነው የሚገለጠው። 7 ቀን የተባለው ዝም ብሎ አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የሥራ ስታትስቲክስ መስፈርት በአጭር ጊዜ ውስጥ፣ ይኸውም በአንድ ሳምንት፣ ቢያንስ 1 ሰዓት ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራን ሰው በሥራ ላይ እንዳለ ይቆጥራል። የቤተሰቡን ንግድ የሚያግዝ ወንድምም ደመወዝ ባይኖረውም ይገባል። ያለ ክፍያ የሚለማመደውን ግን ለብቻው ዓምድ ጻፉት፤ ከሌሎቹ ጋር ከደባለቃችሁት ሥራ ያለው ሰው የበዛ ይመስላል።

ከእያንዳንዱ ሰው አጠገብ አንድ ምልክት ይኑር፦ ባለቤት፣ ደመወዝተኛ፣ ፐርሰንት፣ ወንበር ተከራይ፣ ቤተሰብ፣ ተለማማጅ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ እንዳይቀር። ደመወዝተኛው በሕጉ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ ከራሱ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይገባለታል። በፐርሰንት የሚሠራው ብዙ ጊዜ ይህ የለውም፤ ቢታመም ወይም እጁ ቢጎዳ ከዚያ ቀን ጀምሮ ገቢው ዜሮ ነው። የእነዚህ ሰዎች ቁጥር ካልታወቀ ማንም ስለ እነሱ አይከራከርም። እኔ ቆጠራውን የምወደው ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው።

የወንዶች፣ የሴቶች ወይም የሁለቱም ቤት መሆኑንም ጻፉ። ገቢ አትጠይቁ። ገቢ ከተነሳ ከግብር የመጣችሁ ይመስላቸዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚነገራችሁ ሁሉ ይቀንሳል። በዚሁ ምክንያት ከቢሮ ሰው ጋር አትሂዱ። ሰፈሩ የሚያውቀው የሙያው ሰው ቢሄድ ይሻላል።

ስም አትመዝግቡ። ለአንድ ሰው አንድ መለያ ስጡ፦ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል፣ የእናቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል፣ የስልኩ የመጨረሻ ሁለት ቁጥር። ጠዋት አባይ ማዶ፣ ማታ ሌላ ቤት የሚሠራ ልጅ ሁለቴ እንዳይቆጠር ይኸው ይበቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለም ለምን እንደምትጠይቁ ተናግራችሁ፣ ፈቃዱን አግኝታችሁ ጻፉ። አልፈልግም ካለ ወንበሩን ብቻ ቆጥራችሁ ውጡ።

መጻፊያው ባለመስመር ደብተር ይሁን። ኮቦ የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ጥሩ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ ለመቶ ቤት ከሆነ እሱን ተጠቀሙ። ለአንድ ሰፈር ግን ደብተር ይበልጣል፣ ሰው ምን እንደምትጽፉ ያያልና። ቴሌግራም ላይ ቅጽ ለቆ «ሙሉልን» ማለትን በፍጹም አልመክርም። የሚሞላው ጊዜ ያለውና ስልኩ ላይ የተቀመጠው ነው፤ እጁ ሥራ ላይ ያለው ሰው ይቀራል።

በመጨረሻ ስንት ሰው እንዳመለጣችሁ አረጋግጡ። በዚያው ሳምንት ሌላ ሰው የመጀመሪያውን ደብተር ሳያይ፣ ከሌላኛው ጫፍ ተነስቶ እንደገና ይቁጠር። ለምሳሌ የመጀመሪያው 60 ሰው ቢያገኝ፣ ሁለተኛው 50 ቢያገኝ፣ በመለያው ሲመሳከር 40ዎቹ በሁለቱም ደብተር ላይ ቢገኙ፣ 60ን በ50 አባዝታችሁ ለ40 አካፍሉ። 75 ይመጣል፤ በሰፈሩ አለ ተብሎ የሚገመተው ሰው ይህ ነው። በሁለቱ ደብተሮች በድምሩ የታዩት 70 ሰዎች ስለሆኑ ወደ 5 የሚጠጉ ሰዎች አልተገኙም ማለት ነው። በሁለቱም ላይ ያለው ሰው ጥቂት ከሆነ ደግሞ ቆጠራችሁ ብዙ አምልጦታል፤ ተመልሳችሁ ጓሮ ለጓሮ ሂዱ። ቤት ለቤት እየዞረ የሚቆርጠውን ግን ሁለቱም ቆጣሪዎች ስለማያገኙት ይህ ስሌት አይደርስበትም። እሱን ከፀጉር ቤት ልጆች እየጠየቃችሁ ለብቻው መዝግቡ።

ውጤቱን አንድ ገጽ ላይ አድርጋችሁ መጀመሪያ ለፀጉር ቤቶቹ ስጡ፤ ስህተት ካለ የሚያርሙት እነሱ ናቸው። ለማሠልጠኛና ለቢሮ የሚሄደው ድምሩ፣ የቆጠራው ቀንና የሰፈሩ ወሰን ነው። ደብተሩ እናንተ ጋ ይቅር።