ቲማቲምና ቃሪያን ቤት ውስጥ አፍልቶ ለመጋቢት ማድረስ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀዘቅዛል። ቀኑ ሞቃት ስለሆነ ብዙ ሰው ልብ አይለውም እንጂ፣ ሙቀት ወዳድ የሆኑት ቲማቲምና ቃሪያ በዚህ ጊዜ ጓሮ መደብ ላይ ቢዘሩ ዘሩ አፈር ውስጥ ቆይቶ ሊበሰብስ ይችላል፤ ቢበቅልም ሊቀጭጭ ይችላል። መጋቢትን ጠብቆ መዝራት ደግሞ ፍሬውን ሐምሌ ላይ ያደርሰዋል፤ ያን ጊዜ ቲማቲሙን የክረምቱ ዝናብ ይዞት የሚመጣው ቅጠል አቃጣይ በሽታ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በበጋ ውኃ የሚያገኝ ሰው ቃሪያውን ከገና ማግስት፣ ቲማቲሙን በጥምቀት ሰሞን ቤት ውስጥ ቢያፈላና መጋቢት መጀመሪያ ላይ ቢተክል፣ ዝናቡ ሳይከብድ ፍሬ ይለቅማል።

ለዘር ሮማ ቪኤፍ ቲማቲምና ማረቆ ፋና በርበሬ በሰፊው የታወቁ ናቸው። ከቅዳሜ ገበያ ከተገዛ ቲማቲም ዘር ማውጣት ይቻላል፤ ሆኖም ፍሬው ከድቅል ዝርያ የመጣ ከሆነ ልጁ እናቱን ላይመስል ይችላል።

ለማፍያ አፉ የተቆረጠና ሥሩ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ወይም የእርጎ ኩባያ ይበቃል። አፈሩ ሦስት እጅ የጓሮ አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽና አንድ እጅ አሸዋ ሆኖ ይቀላቀላል፤ የጓሮው አፈር ዋልካ ከሆነ አሸዋው መጨመር አለበት። ከመዝራት በፊት የፈላ ውኃ አፍስሶበት ማሳደር፣ ችግኝ የሚያረግፈውን ሻጋታ ይቀንሳል። ዘሩ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ በማይሞላ ጥልቀት ይዘራና በስሱ ተሸፍኖ፣ በላዩ ላስቲክ ይደረግበታል።

ዘር እስኪበቅል የሚፈልገው ሙቀት እንጂ ብርሃን አይደለም፤ 21 እስከ 27 ዲግሪ ይስማማዋል። እንጀራ የሚጋገርበት ጓዳ፣ ከምጣዱ ትንሽ ራቅ ያለ መደርደሪያ፣ ለዚህ ጥሩ ቦታ ነው። ቲማቲም በአንድ ሳምንት ገደማ ብቅ ይላል፤ ቃሪያ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ስለሚችል ተስፋ ቆርጦ መድፋት አያስፈልግም።

ቡቃያው አፈሩን እንደ ሰነጠቀ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ላስቲኩ በዚያው ቀን ተነሥቶ ኩባያው ከጓዳ መውጣት አለበት፤ በሞቀ ጨለማ ውስጥ የቆየ ችግኝ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀጥኖ ይመዘዛል፣ ነጣ ብሎም ይጋደማል። ጎረቤት «እንዴት ቶሎ አደገ!» ብሎ የሚያደንቀው ረጅም ችግኝ ብዙ ጊዜ ደካማው ነው። ፀሐይ በጥር ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትሄድ፣ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ከሁሉ ይመረጣል። ግድግዳቸው ወፍራም በሆኑና መስኮታቸው በጠበበ የድንጋይ ቤቶች ውስጥ፣ ከኩባያዎቹ ጀርባ ነጭ ወረቀት ማቆም ብርሃኑን ይመልሳል፤ ኩባያዎቹም በየቀኑ ይዙሩ። ቀን በረንዳ ላይ አውጥቶ ማታ ማስገባት ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ከብርድ ይልቅ ብዙ ችግኝ የሚገድለው ውኃ ማብዛት ነው። ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮና ክር አክሎ የወደቀ ቡቃያ አይድንምና ወዲያው ይነቀል። ውኃው ከላይ ከሚፈስስ፣ ቤት ያደረ ውኃ ዝርግ ሳህን ላይ ተደርጎ ኩባያው ከሥር ይምጠጥ፤ እንደገና የሚጠጣውም የአፈሩ ገጽ ሲደርቅ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ለስላሳ ቅጠሎች በኋላ ጥርሳማዎቹ እውነተኛ የቲማቲም ቅጠሎች ሲወጡ፣ ችግኙ ግንዱ ሳይሆን ቅጠሉ ተይዞ ለየብቻው ይዛወራል። ቲማቲም አፈር ውስጥ የገባው ግንዱ ራሱ ሥር ስለሚያወጣ ጠለቅ ተደርጎ ቢተከል ይጠነክራል፤ ቃሪያ ግን በነበረበት ጥልቀት ይተከል።

ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ያህል ችግኞቹ የውጭውን አየር ይለማመዱ፦ መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ ብቻ፣ ቀስ በቀስ እስከ ቀትር፣ በመጨረሻም ውጭ ማደር። ወደ ዳባትና ደባርቅ ለሚኖር ሰው ውርጩ ስለሚያሰጋ ይህ ጊዜ መርዘም አለበት። ተከላው ፀሐይ ከበረደች በኋላ ይሁን፤ በችግኞቹ መካከል ለቃሪያ 30፣ ለቲማቲም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተው። ቆራጭ ትል ባለበት ጓሮ የእያንዳንዱ ግንድ ሥር በወረቀት ይጠቅለል፤ ዶሮ በሚለቀቅበት ግቢ ደግሞ መደቡ በእሾህ ይታጠር።